ከጉንጭ ተወስዶ ለሽንት ቱቦ ከተሰራ በኋላ አፉ አልከፈት አለ፣ ምን እናድርግ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ በሽንት ቱቦ ጥበት እዚሁ ጎንደር ኦፕራሲዮን ተደርጓል። ከግራ ጉንጩ ውስጥ ስስ ሽፋን ወስደው ነው ቱቦውን ያሰፉለት። ዛሬ 8ኛ ቀኑ ነው። ከታች ደህና ነው፣ ካቴተሩም (ሽንት የሚያስወጣው ቀጭን ቱቦ) ገና አልወጣም። አፉ ግን ከሁለት ጣት በላይ አይከፈትም፣ የከንፈሩ ጥግ ደንዝዟል፣ ቁስሉም ነጭ ነገር ለብሷል። ጾም በመሆኑ ምግቡም ቸግሮናል።

የጥርስ ሐኪም፦ ነጩ ነገር ሽታና መግል ከሌለው የሚድን ቁስል ሽፋን ነው፤ በፋሻ እንዳትፍቁት፣ ይደማል። አፉ የጠበበው ቁስሉ ሲድን ስለሚሸበሸብና ሕመሙን ፈርቶ መንጋጋውን ስለማያንቀሳቅስ ነው። ማስታገሻ ከወሰደ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እስከሚችለው ይክፈት፣ 5 ሰከንድ ይያዝ፣ 5 ጊዜ ይደጋግም፤ ይህንን በቀን 5 ጊዜ። ግቡ የራሱ ሦስት ጣት በቁመት እንዲገባ ነው። በኃይል አትክፈቱለት፣ ስፌት ይበጠሳል። ከምግብ በኋላ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ይጉመጥመጥ።

ነርስ፦ ለጾሙ ለብ ያለ አጥሚት፣ የአብሽ ጁስ፣ ተልባ፣ ያለ በርበሬ የተሰራ የምስር ሾርባ፣ ቀጠን ያለ አልጫ ሽሮ በራሰ እንጀራ ይሆነዋል። ቆሎ፣ ሎሚ፣ ሚጥሚጣና የሚፋጅ ቡና ይቆዩለት። ሲጋራና ጫት ጭራሽ አይሆኑም። መፋቂያ በግራ በኩል አይጠቀም። ፌጦና ነጭ ሽንኩርትም ቁስሉን አታስነኩት፣ ያቃጥለዋል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ረስቼ፦ ሲበላ ከጆሮው ፊት ለፊት ያብጥና ቆይቶ ይጎድላል።

የሽንት ቱቦ ቀዶ ሐኪም፦ ይህንንስ ቀጠሮ ሳትጠብቁ አሳዩት። የምራቅ ቱቦው ጉንጭ ውስጥ የሚከፈተው ከላይኛው ሁለተኛ መንጋጋ ጥርስ ትይዩ ነው። እብጠት ከተጫነው ወይም ስፌት ከያዘው ምራቁ መውጫ ያጣል፤ ምግብ ሲቀመስ የሚያብጠውም ለዚህ ነው። ሐኪሙ የምራቅ እጢውን ከውጭ ጫን እያደረገ ጥርት ያለ ምራቅ መውጣቱን ያያል። እስከዚያው ውሃ በደንብ ይጠጣ። ድንዛዜው አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ ይቀንሳል፤ እስኪለቀው ግን ሳያውቀው ከንፈሩን እንዳይነክስና ትኩስ ነገር እንዳያቃጥለው። ከደማ ንጹሕ ፋሻ አስነክሳችሁ 20 ደቂቃ ሳታነሱ ተጫኑት። ካልቆመ፣ ትኩሳት ወይም መግል ከመጣ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረው፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።