የድሮ ፍሪጅ ጋዝ ወደ አየር መልቀቅ በሐዋሳ ይከልከል?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ፦ የከተማችን የፍሪጅ ጥገና ቤቶች ጋዙን በሲሊንደር እንዲሰበስቡ የሚያስገድድ ደንብ ይውጣ።

የጥገና ባለሙያ (ተቃዋሚ)፦ የመዳቡን ቱቦ ስንቆርጥ ጋዙ እሽ ብሎ ይወጣል፤ አይታይም፣ አይሸትም። መሰብሰቢያ ማሽን መግዛት የሚችለው ጥገና ቤት ጥቂት ነው። በዚህ ጋዝ ሰበብ ኦዞን (ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከላከለን የሰማይ ጋዝ) ሳሳ የተባለውም በደቡብ ዋልታ ላይ ነው። ቅዝቃዜ ኬሚካላዊ ለውጥን ያዘገያል ተብለን ከተማርን፣ ጋዙ በዚያ ብርድ ውስጥ ምን ያደርጋል?

የኬሚስትሪ መምህር (ደጋፊ)፦ ወንድሜ፣ የተማሩት እውነት ነው፤ በረዶ ባለበት ግን ያ ሕግ ብቻውን አይበቃም። ውሃ በረዶ ሲሆን የሟሙትን ነገሮች ከክሪስታሉ እየገፋ ያስወጣቸዋል፤ እነርሱም በመካከል በቀረችው ጥቂት ፈሳሽ ውስጥ ስለሚጨናነቁ፣ ቅዝቃዜው ከሚያዘገያቸው ይልቅ መጠጋጋታቸው የሚያፈጥናቸው ጊዜ አለ። አሲድነት ያለው፣ ናይትራይት የተባለ ጨው የሟሟበት ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ፣ ከኦክስጅን ጋር የሚያደርገው ለውጥ ወደ 100,000 እጥፍ እንደሚፈጥን በቤተ ሙከራ ተለክቷል።

በዋልታው ሰማይ ደግሞ ሥራውን የሚሠራው የደመና ቅንጣቶች ገጽ ነው። የድሮ ፍሪጆችን አር-12 የመሰለ ክሎሪን ያዘለ ጋዝ ከሐዋሳም ይነሣ ከሌላ ቦታ፣ 100 ዓመት ገደማ ስለሚቆይ ዓለምን ያዳርሳል። ከፍ ብሎ በፀሐይ ጨረር ሲሰበር ክሎሪኑ በአብዛኛው ሃይድሮጅን ክሎራይድና ክሎሪን ናይትሬት ሆኖ ይታሰራል፤ ሁለቱም በአየር ላይ ቢገናኙ እምብዛም አይነካኩም። በዋልታው ክረምት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ግን ደመና ይፈጠራል፤ በደመናው ቅንጣቶች ላይ ተገናኝተው የክሎሪን ጋዝ ይለቃሉ፣ በመስከረም ፀሐይ ስትመለስም ያ ጋዝ ተሰንጥቆ ኦዞኑን ይበላዋል። እ.ኤ.አ. በ1985 ይፋ የሆነው የኦዞን መሳሳት መነሻው ይኸው ነው።

የአሞራ ገደል ዓሣ ነጋዴ፦ መምህር፣ የእኔ ፍሪጅ ጀርባ ላይ የጋዙ ስም አር-134ኤ ይላል። ደንቡ እኔንም ይመለከታል?

መምህሩ፦ እኅቴ፣ እርሱ ክሎሪን ስለሌለው ኦዞንን አይነካም። ሆኖም ምድርን በማሞቅ ረገድ ያው ክብደት ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚያደርሰው ከ1,000 እጥፍ በላይ ስለሚያደርስ፣ እንዲሁ ይለቀቅ አልልም።

የጥገና ባለሙያው፦ እንግዲያው ሁለቱ ምክንያቶች በደንቡ ላይ ተለይተው ይጻፉ፤ ወደ እኔ የሚመጣው አብዛኛው 134ኤ ነውና በኦዞን ስም ብቻ አልቀጣም። ስለ ዋልታው የተናገሩትን ተቀብያለሁ። ስለ ማሽኑ ዋጋ ግን መልስ አላገኘሁም።

መምህሩ፦ ትክክል ነዎት። ከተማው ጥገና ቤቶች በየተራ የሚጠቀሙበት የጋራ ማሽን ሳያቀርብ ቅጣት እንዳይጀምር፣ ይህም በደንቡ የመጀመሪያ አንቀጽ እንዲሰፍር እኔም እጠይቃለሁ።

የጥገና ባለሙያው፦ አንቀጹ ከገባ ድምፄን እሰጣለሁ፤ ካልገባ ግን ተቃውሞዬ እንደጸና ነው።