ያልጻፍኳቸው ፋይሎች በስሜ ተመዝግበው አገኘሁ

አዲስ ገቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በቅርቡ አንድ የጥናት ቡድን ውስጥ ገብቼ በጋራ የምንሠራበት ሊኑክስ ሰርቨር ላይ አካውንት ተከፈተልኝ። ትናንት የጋራውን ፎልደር ስፈትሽ ግን ግራ ገባኝ። እኔ ሳልመጣ በፊት የተጻፉ ፋይሎች ባለቤት ተብዬ ስሜ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። አንዱን ልክፈተው ብዬ ሞከርኩ፣ ተከፈተ። ማረምም እችላለሁ። ስጠይቅ፣ ፋይሎቹ ሥራ የለቀቀች ልጅ ናቸው፤ አካውንቷ ተሰርዟል። የሷ ዩዘርኔምና የኔ ደግሞ በአንድ ፊደል እንኳ አይገናኙም። ሰው ሰብሮ ገብቶ ይሆን?

የሰርቨር ዘበኛ፦
አይዞሽ፣ ማንም አልሰበረም። ሊኑክስ ድሮውንም በስምሽ አያውቅሽም። የሚያውቅሽ በቁጥር ነው፤ ዩአይዲ እንለዋለን። ስትገቢ ስምሽን ትጽፊያለሽ። ሲስተሙ ኢቲሲ ፎልደር ውስጥ ያለውን ፓስወድ የተባለ ፋይል ከፍቶ ከስምሽ ጎን ያለውን ቁጥር ያነሳል። (ስሙ አያታልልሽ፣ ዛሬ ዛሬ የይለፍ ቃሉ እዚያ የለም፤ ሻዶ ወደተባለ ሌላ ፋይል ከተዛወረ ቆይቷል።) ከዚያ በኋላ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ስምሽን ዞር ብሎም አያየው።

ፋይል ላይ የሚመዘገበውም ቁጥሩ ነው። ዝርዝር ስታወጪ የሚታይሽ ስም እዚያው በዚያው ከቁጥሩ ተፈልጎ የሚመጣ ነው። ልጅቷ 1007 ነበረች እንበል። አካውንቷ ሲሰረዝ ፋይሎቿ 1007ን እንደያዙ ቀሩ። በመሀል ያየ ሰው ካለ፣ በባለቤት ስም ቦታ ቁጥሩን ብቻ ነው የሚያገኘው። ቀጥሎ አንቺ መጣሽ። አካውንት የሚከፍተው ትእዛዝ በተለምዶ ካሉት የሰው አካውንቶች ትልቁን ቁጥር አይቶ ተከታዩን ይሰጣል። እሷ መጨረሻ ላይ ከነበረች 1007 ላንቺ ደረሰ ማለት ነው። ውርስ በይው።

ተርሚናል ላይ አይዲ ብለሽ ጻፊና ቁጥርሽን እዪ። ከዚያ ዝርዝሩን በኤልኤስ ስታወጪ ኤን የሚለውን አማራጭ ጨምሪበት፤ ስሙን ትቶ ቁጥሩን ያሳይሻል።

አዲስ ገቢ፦
አየሁት! እኔ 1012፣ ፋይሎቹም 1012። ታዲያ ዩዘርኔሜን ቢቀይሩልኝ ይፈታል?

የሰርቨር ዘበኛ፦
ምንም አይፈታም። ቁጥሩ ያው ስለሆነ ፋይሎቹ አዲሱን ስምሽን ይዘው ብቅ ይላሉ። ሩት (ሁሉን ማድረግ የሚችለው ዋና አካውንት) እንኳ ሩት የሆነው በስሙ አይደለም፣ ቁጥሩ 0 ስለሆነ ነው። ሌላ ስም ያለው አካውንት 0 ቢሰጠው ያው ሙሉ ሥልጣን ያገኛል። እኔ የማላውቀውን ሰርቨር ስረከብ መጀመሪያ የምፈትሸው 0 የያዘ ሌላ ሰው ካለ ብዬ ነው።

መፍትሔው ላንቺ ሌላ ቁጥር መስጠት ነው። አድሚኑ ቁጥርሽን ሲቀይር የግል ፎልደርሽ (ሆም) ውስጥ ያሉት ፋይሎችሽ አብረው ይቀየራሉ። ውጭ ያሉትን ግን በእጅ ነው። ጣጣው እዚህ ላይ ነው፦ በጋራው ፎልደር የሷም ያንቺም 1012 ስለሆኑ ሲስተሙ ሊለያቸው አይችልም። የሚለያቸው ቀናቸው ብቻ ነው። የሷን አንዱን ከፍተሽ አርመሽ ካስቀመጥሽው ደግሞ ቀኑም ይሄዳል።

ሁለት ማሽን፦
እኛ ጋ ደግሞ ሁለት ሰርቨሮች በኤንኤፍኤስ (ፋይል በኔትወርክ ማጋሪያ ዘዴ) አንድ ዲስክ ይጋሩ ነበር። በተለመደው አሠራር በኔትወርኩ የሚላከው ቁጥር እንጂ ስም አይደለም። አንዱ ላይ 1003 የኔ፣ ሌላው ላይ የባልደረባዬ። ጠዋት የጻፍኩትን ከሰዓት በሌላኛው ማሽን ስገባ ፈቃድ የለህም ይለኛል፤ እሱ ግን እንደልቡ ይከፍተዋል። ኤልዳፕ (የተጠቃሚዎች ማእከላዊ መዝገብ) ተተክሎ ሁሉም ቁጥር ከአንድ ቦታ እስኪመጣ ድረስ ተሰቃየን።

መስኮት፦
ዊንዶውስ ላይ ይሄ አይገጥምሽም። እዚያ መለያው ኤስአይዲ ነው፤ አንዴ ከተሰጠ ለሌላ ሰው አይደገምም። ችግሩ በተቃራኒው ነው፦ አካውንት ሰርዘሽ በዚያው ስም ብትከፍቺው እንኳ አዲስ ኤስአይዲ ስለሚያገኝ የድሮ ፋይሎቹ እንደ ባዳ ያዩታል።

የሰርቨር ዘበኛ፦
ለዚህ ነው እኔ የለቀቀ ሰው አካውንት የማልሰርዘው። እንዳይገባ እዘጋዋለሁ፤ ስሙም ቁጥሩም እዚያው ይቀመጣሉ። ቦታ የሚይዙት አንድ መስመር ነው፣ ምን ያስቸኩላል?

አዲስ ገቢ፦
ለአድሚኑ አሁን እጽፍለታለሁ። እስከዚያው የሷን ፋይሎች አልነካም።