«የትሪክል ጉድጓድ»፦ ሞላሰስ፣ ጠበል ወይስ ሽሮፕ?

ጥያቄ፦ በሉዊስ ካሮል የአሊስ መጽሐፍ (1865 እ.ኤ.አ.) ምዕራፍ 7 ላይ፣ ሻይ ከሚጠጡት አንዱ፣ እንቅልፋሙ አይጥ፣ ሦስት እህትማማቾች «በትሪክል ጉድጓድ» ውስጥ ይኖሩ ነበር ብሎ ያወራል። መዝገበ ቃላት «ሞላሰስ» ብሎ ያልፈዋል። ታዲያ ቀልዱ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ መዝገበ ቃላቱ የሰጠዎት ኋለኛውን ፍቺ ብቻ ነው። ቃሉ ከግሪክ ተነሥቶ በፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝኛ ሲገባ የመርዛም አውሬ ንክሻ ማርከሻ ማለት ነበር። መድኃኒቱ በማር ይለወስ ስለነበር ስሙ እያደር ወደ ጣፋጩ ዞረ፤ በካሮል ዘመን ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ከስኳር ማጣሪያ የሚቀረውን ጥቁር ወፍራም ፈሳሽ ነው። የጥንቱ ፍቺ ግን በቦታ ስም ተርፏል። ከኦክስፎርድ አጠገብ፣ ቢንሲ በምትባል መንደር፣ በቅድስት ማርጋሬት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ በዚሁ ስም የሚጠራ ጉድጓድ አለ። በቅድስት ፍሪደስዋይድ ጸሎት ፈለቀ፣ ዕውር አበራ ይባልለታል፤ እኛ ጠበል የምንለው ነው። ካሮል እዚያው ኦክስፎርድ የሒሳብ መምህር ነበር። እህትማማቾቹም ተረቱን መጀመሪያ የሰሙት የሊደል ልጆች ናቸው፦ «ኤልሲ» የሎሪና ሻርሎት የእንግሊዝኛ መነሻ ፊደላት (ኤል እና ሲ)፣ «ሌሲ» የአሊስ ፊደላት ተዘበራርቀው፣ «ቲሊ» ደግሞ የኢዲት ቅጽል ስም ማቲልዳ ሲያጥር።

ሌላ አስተያየት፦ ቢሆንም «ጠበል» ብሎ መተርጎም ጣፋጩን ያጠፋዋል። አሊስ ምን እየበሉ ይኖሩ እንደነበር ስትጠይቅ አይጡ ትሪክል ይላታል፤ ያማቸው ነበራ ስትለው፣ አዎ በጣም ታመው ነበር ይላል። «ሽሮፕ» ቢባል ግን ሁለቱም አይቀርም፤ ለሳል የሚታዘዘውም ሽሮፕ ነው፣ ጣፋጩም ሽሮፕ ነው። በሽሮፕ መታመም ደግሞ ቀልዱን ያጠነክረዋል።

መልስ፦ እስማማለሁ። «ሽሮፕ» ካልን የሚቀጥለውም ይሰምራል። እህትማማቾቹ ይማሩት የነበረውን የሚገልጸው የእንግሊዝኛው ግሥ («ድሮው») ሥዕል መሣልም ነው፣ ከጉድጓድ ማውጣትም ነው። «መሣል» ካሉት ጉድጓዱ ይቀራል። «መቅዳት» ይበሉት፤ ውሃም ይቀዳል፣ ሥዕልም ይቀዳል፦ «ምን ይቀዱ ነበር?» «ሽሮፕ!» የሚጎድለው አንድ ነገር ነው፤ መቅዳት ከራስ አፍልቆ መሣልን አይገልጽም። በእኔ እምነት ግን ቀልዱ ከሚሞት ይህ ይሻላል።

ቀጥሎ አይጡ እህትማማቾቹ ይቀዱ የነበረው «በኤም የሚጀምር ነገር ሁሉ» ነው የሚለው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቃል በቃል ከሄዱ ወጥመድ፣ ጨረቃና ትዝታ ይመጣሉ፤ አንዳቸውም በመ ቤት አይጀምሩም። እዚህ ላይ ፍቺውን ትቶ ፊደሉን መያዝ ነው፦ መንጠቆ፣ መብረቅ፣ ምኞት። በእንግሊዝኛው አራተኛና የመጨረሻ የሆነው ቃል («ማችነስ»፣ ብዛት እንደማለት) በሥዕል ሊወጣ የማይችል ረቂቅ ስም መሆን አለበት፤ አይጡ አሊስን የሚያፋጥጣት በእሱ ነውና። «ምንነት» ልክ ይገባል፦ «ምንነት ሲቀዳ አይተሽ ታውቂያለሽ?»