ቤት ካገኙ በኋላ ተመልሰው ጎዳና የሚያድሩ ሰው አሉ፣ ምን ላድርግ?

አዲስ_ሰራተኛዋ፦
ሰላም ለሁላችሁም፣ ጎዳና ላይ ለሚኖሩ ሰዎች ቤት የሚያፈላልግ ድርጅት ውስጥ ሶሻል ወርከር ሆኜ ከተቀጠርኩ ብዙም አልቆየሁም እና አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። ብዙ አመት ውጪ የኖሩ አንድ አባት አሉ፣ እንደምንም መታወቂያቸውን አስወጥተን አከራይ ለምነን ቤት አስገባናቸው። አሁን ግን አንዳንድ ማታ ድሮ ይተኙበት የነበረው ደጃፍ ሄደው ያድራሉ፣ ቤት ሲያድሩም አልጋውን ትተው በሩ ስር መሬት ላይ ነው የሚተኙት፣ ጫማቸውንም አያወልቁም። አለቃዬ ደግሞ «መጀመሪያ መጠጡን ያቁሙ ብዬ ነበር፣ በቃ ቤቱ ለሌላ ሰው ይሰጥ» እያለ ነው። እኔ አንጀቴ እምቢ አለኝ። ስራው ላይ የቆያችሁ እስቲ ምከሩኝ።

የቆየ_ሶሻል_ወርከር፦
እህቴ ታገዪላቸው። መጀመሪያ መጠጥ አቁም ከዛ ቤት ትገባለህ የሚለው የድሮ አሰራር ነው፣ ሰው ውጪ እያደረ ሱስ ያቁም ማለት ደግሞ በጣም ከባዱን ነገር በጣም በከፋው ሰአት መጠየቅ ነው። ይሄን አሰራር የገለበጠው ሳም ሴምበሪስ የሚባል ሳይኮሎጂስት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ኒውዮርክ ላይ የጀመረው ሀውሲንግ ፈርስት ይባላል፣ ቤቱ ይቅደም ህክምናው ሰውየው ሲፈልግ ይከተላል ነው ነገሩ። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2013 በአምስት ከተሞች የአእምሮ ህመም ያለባቸውን ከ2,000 በላይ ቤት አልባ ሰዎች በእጣ ከፍለው አወዳድረውታል፣ በጥናቱ መጨረሻ ስድስት ወራት ሀውሲንግ ፈርስት ካገኙት 62 በመቶው ሙሉውን ጊዜ ቤት ውስጥ ነበሩ፣ በተለመደው አገልግሎት ከቀጠሉት ግን 31 በመቶው ብቻ። ፕሪንት አድርጊና ለአለቃሽ ስጪው። ግን ልብ በዪ፣ ቁልፍ አስረክቦ መሄድ ማለት አይደለም፣ መጀመሪያም ሲጀመር ቋሚ የቤት ጉብኝት ነበረው፣ ብዙ ቦታ ጉብኝቱን ይተዉትና በኋላ ሞክረነው አልሰራም ይላሉ፣ ይሄ በጣም ያናድደኛል።

ከውጪ_የገባ፦
እኔ ራሴ ጎዳና ኖሬ ቤት የገባሁ ሰው ነኝና ልንገርሽ። ውጪ ጫማህን አውልቀህ ከተኛህ ጠዋት አታገኘውም። በር ስር የሚተኙት ሰው ሲመጣ ለመስማት ነው፣ አልጋ ላይ ሆነህ በሩ ከራቀህ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ጸጥታውም ይከብዳል፣ ውጪ ሌሊቱን ሙሉ ድምጽ አለ ደግሞ አጠገብህ የሚያድሩት ናቸው ሲነጋ ቀስቅሰው በህይወት መኖርህን የሚያዩልህ፣ ቤት ውስጥ ብቻዬን ብሞት ማን ያውቃል የሚል ፍርሃት አለ። አባታችን ደጃፉ የሚሄዱት ቤቱን ጠልተው አይመስለኝም፣ ሰዎቹ ናፍቀዋቸው ነው። አልጋ ላይ ተኙ እያልሽ አታስጨንቂያቸው በእናትሽ። እኔን የረዳኝ ሬዲዮ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት አድርጌ እተኛ ነበር።

አከራይ_አነጋጋሪ፦
ከላይ ያለው እውነት ነው። እኔ የምጨምረው አከራዩን አትርሺው። ስልክሽን ስጪው፣ ቅሬታ ሲኖር ማስጠንቀቂያ ከመጻፉ በፊት ላንቺ እንዲደውል አስለምጂው፣ ሲደውልም በዛው ቀን ሂጂ። አከራይ የሚፈራው ሰውየውን ሳይሆን ችግር ሲመጣ ብቻውን መቅረቱን ነው። ሌላው የናፈቋቸው ጓደኞች ቤት ድረስ መጥተው መኖር ሊጀምሩ ይችላሉ፣ ውሉ የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው፣ ሽማግሌ ሰው ደግሞ ውጡ ማለት ያፍራል።

አዲስ_ሰራተኛዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም፣ የጫማውን ነገር ሳነብ እንባዬ መጣ። ጓደኞቻቸውን በተመለከተ ግን ምን ልበላቸው፣ አትምጡ ማለት ይከብደኛል እኮ?

አከራይ_አነጋጋሪ፦
አትምጡ አትበዪ፣ ቀን ይምጡ ማታ ግን ውሉ አይፈቅድም በዪና ክልከላው ባንቺና በድርጅቱ ስም ይሁን፣ እሳቸው «እኔ ምን ላድርግ እሷ ናት የከለከለችኝ» የሚሉት ያግኙ። ግን ቀድመሽ ከእሳቸው ጋር ተነጋገሪ፣ ቤቱ የእሳቸው ነው።