ካናዳና አሜሪካ ቀረጥ ሲጣጣሉ ነዳጁ ለምን በ10 በመቶ ታለፈ?

ማስተርስ ላይ ነኝ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የንግድ ፖሊሲ ኮርስ ላይ ፔፐር አለብኝ። ማስረከቢያው ደርሷል፣ እኔ ግን መሃል ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁ። ርዕሱ ጎረቤት አገሮች የሚጣጣሉት ቀረጥ በአገር ውስጥ ኢንዱስትሪና በኢነርጂ ኤክስፖርት ላይ ምን ያስከትላል የሚል ነው። ማሳያዬ የ2025ቱ የአሜሪካና የካናዳ ውዝግብ ነው።

ላልተከታተለ ባጭሩ ላስታውስ። ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ በካናዳ ዕቃ ላይ 25 በመቶ ቀረጥ እንዲጣል ትእዛዝ ፈረሙ። ለኢነርጂ ግን 10 በመቶ ብቻ አደረጉት። ነገሩ አንድ ወር ተገፍቶ ማርች 4 ላይ ሥራ ጀመረ። ሁለት ቀን ቆይተው ደግሞ የአሜሪካ፣ የሜክሲኮና የካናዳን የንግድ ስምምነት መስፈርት የሚያሟላ ዕቃ ከዚህ ቀረጥ ነፃ ይሁን አሉ።

ግራ የገባኝ ይሄ ነው። ነዳጅ ለምን በተለየ ዓይን ታየ? ቀረጡንስ የሚከፍለው ማነው? ሻጩ ነው የሚልም፣ ገዢው ነው የሚልም አንብቤያለሁ። ሌላው ችግሬ ደግሞ ስለ ፋብሪካ አንድ ምዕራፍ፣ ስለ ኢነርጂ አንድ ምዕራፍ ጻፍኩና ሁለቱ አልገናኝ አሉኝ። አማካሪዬ «ሁለት ፔፐር ነው እንዴ የጻፍሽው?» ብሎ መለሰልኝ። እስቲ አግዙኝ።

የሰነድ ሰው፦

ልጄ፣ እኔ የማን ይከፍላልን ጥያቄ ልውሰድ፤ ሌላውን ለተማሩት ልተው። ዕድሜዬን የጨረስኩት በትራንዚተርነት ነው።

ጉምሩክ ውጭ አገር ያለውን ሻጭ አያሳድድም። ዲክላራሲዮኑ (ለጉምሩክ የሚቀርበው ሰነድ) ላይ አስመጪ ተብሎ የተጻፈው ሰው ነው የሚከፍለው። ስለዚህ «ካናዳ ይሄን ያህል ቀረጥ ከፈለች» የሚል ዜና ስታዪ እለፊው። የከፈለው አብዛኛውን ጊዜ ድንበሩ ወዲያ ያለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው።

ግን ከፋይና ተጎጂ አንድ አይደሉም። አስመጪው ከከፈለ በኋላ ስልኩን ያነሳል። ለሻጩ ደውሎ «ዋጋ ቀንስልኝ» ይላል። ለደንበኛው ደውሎ «ጨምሬያለሁ» ይላል። ማን እሺ እንደሚል የሚወስነው መሄጃ ያለው ማነው የሚለው ነው። ሻጩ ሌላ ገዢ ካለው ንቅንቅ አይልም። ደንበኛው ሌላ ሱቅ ካለው ጥሎት ይሄዳል። ሁለቱም መሄጃ ካላቸው አስመጪው ራሱ ከትርፉ ይውጣት።

አንድ የወረቀት ነገር ልጨምር፤ ምሁራኑ ይረሱታል። የስምምነቱን ነፃነት ለማግኘት ዕቃው የት እንደተሠራ የሚያሳይ የመነሻ ማስረጃ ያስፈልጋል። ድሮ መደበኛው ቀረጥ ዜሮ ወይም ከዜሮ ብዙ ያልራቀ ስለነበር፣ ብዙ አስመጪ በዚህ ወረቀት ራሱን አያደክምም ነበር። 25 በመቶው ሲመጣ ሁሉም ወደ ወረቀቱ ሮጠ። የካናዳዋ ክፍለ ሀገር የአልበርታ ድፍድፍ (ያልተጣራ ነዳጅ) ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ወፍራም ስለሆነ ቧንቧ ውስጥ እንዲሄድ ማቅጠኛ ይቀላቀልበታል። ማቅጠኛው ከሌላ አገር ቢመጣስ? ስምምነቱ ይህን አስቦበታል፤ ከመጠኑ እስከ 40 በመቶ ድረስ የማቅጠኛው መነሻ አይጠየቅም። ስለዚህ አብዛኛው ድፍድፍ መጨረሻ ላይ 10 በመቶዋንም ሳይከፍል አለፈ። ርዕስሽን ስትጽፊ ይቺን አትርሺ።

ድፍድፍ፦

ጋሼ ጥሩ መንገድ ከፈቱልን። እኔ ነዳጅ ለምን ተለየ የሚለውን ልያዝ።

አሜሪካ ራሷ ከዓለም አንደኛ ድፍድፍ አምራች ናት። ታዲያ የካናዳ ምን ያደርግላታል? መልሱ ያለው ማጣሪያው ውስጥ ነው። ከአሜሪካ መሬት አሁን በብዛት የሚወጣው ቀላል ድፍድፍ ነው። በአሜሪካ መሃል አገር ያሉ ብዙ ማጣሪያዎች ግን ወፍራሙን ለማጣራት በብዙ ወጪ የተሠሩ ናቸው። ከካናዳ ወደ አሜሪካ በቀን ወደ 4 ሚሊዮን በርሜል ይገባል፤ አሜሪካ ከውጭ ከምታስገባው ድፍድፍ 60 በመቶ አካባቢ ማለት ነው። አንድ የኢሊኖይ ወይም የሚኒሶታ ማጣሪያ ነገ ተነስቶ «ከሌላ እገዛለሁ» ቢል፣ ቧንቧው የሚመጣው ከሰሜን ነው። የሚተካው በርሜል በየት በኩል ይምጣለት?

በርሜሉ 60 ዶላር ነው እንበል። 10 በመቶ ማለት 6 ዶላር ነው፤ 25 በመቶ 15 ዶላር። የቤንዚን ዋጋ ደግሞ መንገድ ዳር በትልቁ ተጽፎ የሚቆም ነገር ነው፤ መራጩ በየቀኑ ያየዋል። ለዚህ ይመስለኛል ዝቅ ያደረጉት።

ሻጩም ቢሆን ጀግና አይደለም። በ2024 የካናዳ ድፍድፍ ኤክስፖርት ከ90 በመቶ በላይ የሄደው ወደ አሜሪካ ነው። መሄጃ ስላልነበረው ለዓመታት በቅናሽ ሲሸጥ ኖሯል። ይሄ የተለወጠው ሜይ 1 ቀን 2024 ነው። ከኤድመንተን ወደ ፓስፊክ ዳርቻ የሚወርደው የትራንስ ማውንቴን ቧንቧ ማስፋፊያ ሥራ ጀመረና አቅሙ በቀን ከ300 ሺህ ወደ 890 ሺህ በርሜል አደገ። ወጪው 34 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር አካባቢ ስለደረሰ ብዙ ተሰድቧል። ነገር ግን ወደ አሜሪካ በሚሄደው ቧንቧ የሚሸጠው በርሜል ላይ ያለው ቅናሽም ጠበበ። ሁለተኛ በር ሲኖርህ በመጀመሪያው በር የምትደራደርበት ድምፅ ይለወጣል።

ቮልት፦

እኔ አማካሪሽን ነው የምደግፈው፣ ይቅርታ። ኢንዱስትሪና ኢነርጂ ብለሽ ከከፈልሽው አይሆንም። አሉሚኒየሙን እዪው።

አንድ ቶን አሉሚኒየም ለማቅለጥ ከ13 እስከ 15 ሜጋዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይበላል። በካናዳዋ ክፍለ ሀገር ኩቤክ ውስጥ ያ ሁሉ ማቅለጫ የተተከለው ማዕድኑ እዚያ ስላለ አይደለም፤ ማዕድኑ በመርከብ ነው የሚመጣለት። የሳበው የወንዞቹ ርካሽ መብራት ነው። አሉሚኒየም ማለት ተጠቅልሎ በባቡር የሚላክ መብራት ነው በይው።

አሁን ሁለቱን አስተያዪ። ድፍድፉ ከላይ እንደተባለው በነፃ አለፈ። አሉሚኒየምና ብረት ግን በሌላ ሕግ፣ በብሔራዊ ደኅንነት ስም ስለተቀረጡ የንግድ ስምምነቱ አላዳናቸውም። ማርች 12 ላይ 25 በመቶ፣ ጁን 4 ላይ 50 በመቶ ሆነ። ጥሬው ኢነርጂ ያለ ቀረጥ፣ አሉሚኒየም ውስጥ የገባው ኢነርጂ በ50 በመቶ! ፔፐርሽ እዚህ ጋ ነው ያለው።

ለምሳሌ ቶኑ 2,500 ዶላር ቢሆን ቀረጡ 1,250 ነው። ገበያው ላይ ይህ የሚታየው «ሚድዌስት ፕሪሚየም» በሚሉት ጭማሪ ነው፤ የአሜሪካ ገዢ ከዓለም ዋጋ በላይ የሚከፍለው ማለት ነው። በ2025 ተተኮሰ። ቆርቆሮ የሚሠራው፣ የመስኮት ፍሬም የሚሠራው የአሜሪካ ፋብሪካ ነው የሚከፍለው። በአሜሪካ አዲስ ማቅለጫ ለመገንባት ያቀዱ አሉ፣ አልክድም። ግን መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ቀረጡ ሳይሆን ለብዙ ዓመት የሚቆይ ርካሽ የመብራት ውል ነው። ያንን መብራት ደግሞ ዳታ ሴንተሮች አስበልጠው ይገዙታል።

የሽቦው መብራትም የራሱ ታሪክ አለው። ማርች 10 የካናዳዋ ክፍለ ሀገር የኦንታሪዮ መሪ ዳግ ፎርድ ወደ ሚሺጋን፣ ሚኒሶታና ኒው ዮርክ በሚሸጠው ኤሌክትሪክ ላይ 25 በመቶ ጭማሪ ጣሉ። በማግስቱ ትራምፕ የካናዳን ብረትና አሉሚኒየም ቀረጥ እጥፍ አደርገዋለሁ አሉ። ፎርድ በዚያው ቀን ጭማሪውን አገዱት። የኒው ዮርክና የኒው ኢንግላንድ ግሪድ (የኤሌክትሪክ መረብ) አስተዳዳሪዎች ደግሞ፣ ኤሌክትሪክ ላይ ቀረጥ ቢጠየቅ ሂሳቡ ከማን እንደሚሰበሰብ ደንብ ለማበጀት ወደ ፌዴራል ተቆጣጣሪው ሄደው ነበር። መብራት በጉምሩክ መደብ 27.16 የሚል ቁጥር አለው፤ ኬላ ላይ ግን ቆሞ አይፈተሽም።

ተጠራጣሪው፦

ሁላችሁም ቀረጡን አንድ ላይ ወረዳችሁበት። የአሜሪካ ብረት አምራቾች በ2018 ከውጭ በሚገባ ብረት ላይ በተጣለው ቀረጥ ጊዜ ዋጋ ጨምረው አትርፈዋል እኮ። ጥበቃ ለሚጠበቀው ይሠራል። ጥያቄው ከእሱ ቀጥሎ ያለው ፋብሪካ ምን ሆነ ነው። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ተመራማሪዎች በ2019 ያወጡት ጥናት፣ ከጥበቃው የተገኘው ትንሽ ጥቅም በጥሬ ዕቃ መወደድና በአጸፋ ቀረጥ ተበልጧል ይላል። ካናዳም ያኔ በ16.6 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ዕቃ ላይ አጸፋ ጥላ ነበር፤ ሜይ 2019 ላይ ሁለቱም አነሱት።

ደግሞ ቀረጥ ሁልጊዜ ከገዢ በኩል አይመጣም። ሩሲያና ቤላሩስን እዪ። ቤላሩስ ያለ ቀረጥ የሩሲያ ድፍድፍ እየገዛች፣ አጣርታ ወደ አውሮፓ እየሸጠች ትኖር ነበር። ሩሲያ በ2007 መጀመሪያ ላይ በቶን 180 ዶላር የኤክስፖርት ቀረጥ ጣለች። ቤላሩስ በምላሹ በአገሯ ለሚያልፈው ነዳጅ በቶን 45 ዶላር አለች። ጃንዋሪ 8 ላይ ድሩዥባ የተባለው ቧንቧ ቆመ፤ ምኑም ውስጥ ያልነበሩት ፖላንድና ጀርመን ድፍድፍ ቀረባቸው። በቀናት ውስጥ ታረቁ፤ የመተላለፊያ ክፍያው ቀረ፣ የኤክስፖርት ቀረጡም በብዙ ተቀነሰ።

ማስተርስ ላይ ነኝ፦

ጋሼ፣ እርስዎንም ሌሎቻችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የአሉሚኒየሙ ነገር አነቃኝ፤ ሁለቱን ምዕራፍ አፍርሼ ልገጥማቸው ነው። አንድ የቀረኝ ግን፣ ካናዳ አሜሪካ ይሄን ያህል የምትፈልገው ነዳጅ ካላት ለምን እሱን አልዘጋችም? ወይ ለምን ኤክስፖርቱን አልቀረጠችም?

ድፍድፍ፦

ካናዳ አንድ ሰው አይደለችማ። ነዳጁ የአልበርታ ነው፤ በቀረጡ ክፉኛ የተመታው የመኪናና የብረት ፋብሪካ ደግሞ በብዛት ኦንታሪዮ ነው ያለው። የፌዴራሉ መንግሥትና የክፍለ ሀገር መሪዎች ጃንዋሪ 15 ቀን 2025 የጋራ መግለጫ ሲያወጡ የአልበርታዋ ዳንየል ስሚዝ አልፈረሙም። የኤክስፖርት ቀረጥ ወይም ማቆም የሚባል ነገር አይታሰብም አሉ። የእሳቸው ሕዝብ ከፍሎ የሌላው ፋብሪካ ይትረፍ የሚለው አልተዋጠላቸውም። ኦንታሪዮና ኩቤክ ራሳቸውም ድፍድፍ የሚደርሳቸው በአብዛኛው በአሜሪካ በኩል ዞሮ በሚመጣ ቧንቧ ነው። ብትዘጋው የራስህን ማጣሪያ ታስርባለህ።

የሰነድ ሰው፦

አንድ ነገር ልጄ፣ ሠንጠረዥ ስትሠሪ 10፣ 25፣ 50 የሚለውን ብቻ አትደርድሪ። ከእያንዳንዱ አጠገብ ስንቱ በስምምነቱ ነፃ ሆኖ እንዳለፈ ጻፊ። ካናዳም በአሜሪካ ዕቃ ላይ የጣለችውን አብዛኛውን የአጸፋ ቀረጥ ሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 አንስታለች፤ በብረት፣ በአሉሚኒየምና በመኪና ላይ ያለውን ግን አቆይታለች። ቀን የሌለው የቀረጥ ቁጥር ለአማካሪሽ እንዳትሰጪ።