ክርክር፦ በኅዳር 26 መጽሐፍ የሟቾች ቁጥር ይግባ ወይስ ስም ብቻ?

አወያይ፦ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ቤት ተቃጠለ፣ የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታልና የቀይ መስቀል ድንኳኖች ተመቱ። የካቲት 12 በየዓመቱ ይታሰባል፤ የደሴውን ግን ከወሎ ውጭ የሚያነሳው ጥቂት ነው። ስለዚያ ቀን ሟቾች ለምናዘጋጀው መጽሐፍ የቀረበው ሐሳብ፦ «ጠቅላላ ቁጥር አይጻፍ፤ የተረጋገጠ ስም ብቻ ይግባ።» ተከራከሩበት።

ሸዋ በር፦ እደግፋለሁ። በጊዜው የተዘገበው ቁጥር እርስ በርሱ አይገጥምም፤ በየቤቱ የሚነገረው ደግሞ እያደር ያብጣል። አንዱን መርጠን ካተምን ነቃፊው የሚጀምረው ከዚያው ነው።

ጦሳ፦ ስምም እኮ ጣጣ አለው። በፍትሐት መዝገብ የሚገኘው የክርስትና ስም ነው፤ ቤተሰብ የሚነግርህ የዓለም ስሙን። ወልደ ሚካኤልና ይመር አንድ ሰው ሆነው ሁለት ሟች ይሆናሉ። ለእያንዳንዱ ሟች በሚሞላው የምስክርነት ካርድ ላይ ሁለቱም ስም፣ የአባት ስም፣ ሰፈር፣ የቤተሰቡ ቅሬ (እድር) ይሞላ። ከሁሉም በላይ ነጋሪው ያየ ነው፣ ካየ ሰው የሰማ ነው፣ ወይስ ወሬ ነው? ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ መቶ ሊሞላው ነው፤ ስለዚህ አብዛኛው ካርድ ሁለተኛው፣ «ካየ ሰው የሰማ» የሚለው ላይ ነው የሚወድቀው።

ቧንቧ ውሃ፦ ወንድሞቼ፣ እንግዳውን ረሳችሁት። ጃንሆይ ጠቅላይ ሰፈራቸውን ደሴ አድርገው ስለነበር ከሌላ አገር የመጣ ወታደርና ስንቅ ተሸካሚ በከተማው ዙሪያ ሰፍሮ ነበር። የነሱን ስም ማን ይነግራችኋል? ስም ብቻ ካላችሁ እዚህ ዘመድ ያለው ይጻፋል፣ ሌላው እንዳልነበረ ይቀራል። ቁጥር ይግባ።

ሸዋ በር፦ ወታደር ስታስገባ «ደሴ የጦር ሰፈር ነበረች፣ ንጉሡም ራሳቸው ፀረ አውሮፕላን ይተኩሱ ነበር» የሚል ይመጣብሃል።

መምህርት፦ ይምጣ! ጠቅላይ ሰፈሩንም ተኩሱንም እኛው በመጀመሪያው ምዕራፍ እንጻፈው። የሚጎዳን ደብቀነው ሌላ ሰው ሲያወጣው ነው። ከተማ ውስጥ ጦር መኖሩ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበትን ሆስፒታል ዒላማ አያደርገውም።

እኔን ከቁጥሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ቀኑ ነው። ዲሴምበር 6 ቀን 1935ን በተለመደው ስሌት የመለሰ ሰው ኅዳር 27 ይመጣበታል። 1927 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን 6 ሆና፣ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ፤ ስለዚህ ትክክሉ 26 ነው። ቀኑ ዓርብ ነው። የነቢያት ጾም ገብቷል፣ ረመዳንም ከተያዘ አሥር ቀን ገደማ ሆኖታል፣ ማግስቱ መድኃኔዓለም ነው። አንዲት እማማ «እኛም እነሱም ጾመኞች ነበርን» ካሉ ትረካቸው ገጠመ ማለት ነው። «ሰኞ ገበያ ላይ ገበያተኛው ቆሞ ሳለ» የሚል ከመጣ ግን አትጣሉት፤ የሌላ ቀን ትዝታ ሊሆን ስለሚችል ለብቻው ይቀመጥ።

ደግሞ «ደሴ ላይ መርዝ ጋዝ ጣሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር በረቂቁ አለ። ይውጣ። በዚያ ቀን የወረደው ፈንጂና ተቀጣጣይ ቦምብ ነው። በሰሜን ግንባር ጋዙ የወረደው በኋላ፣ በታኅሣሥ፣ ተከዜ ላይ በራስ እምሩ ጦር ላይ ነው። አንዲት እንዲህ ያለች ስህተት የሆስፒታሉን መመታትም ታስክድብናለች።

ጦሳ፦ በጋዙ ተስማማሁ። በቁጥሩ ግን እንዲህ ቢሆንስ፦ ስሙ ያልታወቀም በቦታና በምስክር የራሱ ካርድ ይኑረው። «ስሙ ያልታወቀ፣ ወታደር፣ ሆስፒታሉ አጠገብ» ተብሎ። ድምር አንጽፍም።

ቧንቧ ውሃ፦ አንባቢው ራሱ ይደምረዋል እኮ! ያኔ ትንሹ ቁጥር የኛ ቁጥር ይሆናል። ቢያንስ «ከዚህ የማያንስ» ተብሎ ይጻፍ፤ በዘመኑ የተሰጡት አኃዞችም ከነምንጫቸው ጎን ለጎን ይሰለፉ።

ሸዋ በር፦ «ከዚህ የማያንስ» የምትለዋን እቀበላለሁ። አኃዞቹን ጎን ለጎን መደርደሩን ግን አልቀበልም። አንባቢ ትልቁን መርጦ ፌስቡክ ላይ ይለጥፈዋል።

አወያይ፦ እሱ ለድምፅ ይቅረብ። ካርዱስ የት ይቀመጥ? የደሴ ሙዚየም በ2014ቱ ጦርነት ተዘርፏል።

ከኮምቦልቻ፦ አንድ ቅጂ እኛ ጋ ይሁን የምትሉ ከሆነ አብሽሩ፣ ይቅርባችሁ። በመሃላችን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጦርነቱ ሁለቱንም ከተማ በአንድ ሰሞን ነው የያዘው። አንዱ ደሴ፣ አንዱ አዲስ አበባ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ ሦስተኛው ባሕር ዳር ይሁን። የተቀዳው የምስክሮች ድምፅም ከወረቀቱ ጋር ይሂድ፤ ስልክ ላይ ብቻ የቀረ ቅጂ፣ ቅጂ አይባልም።