ለሰው ሀብት ሠራተኛ ዲግሪ ይጠየቅ ወይስ አዋጁን ይፈተን?

ጥያቄ አቅራቢው ከአራት ኪሎ፦
አራት ኪሎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «ጠቅላላ የሰው ሀብት ባለሙያ» ይፈለጋል የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከታወቀ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ከምረቃ በኋላ የተገኘ 4 ዓመት ልምድ፣ ልምዱ ከግል ድርጅት ከሆነም ግብር የተከፈለበት፣ ደመወዝ በስምምነት። የሥራው ዝርዝር ደግሞ ረጅም ነው፦ ቅጥር፣ የግል ማኅደር አያያዝ፣ የዋስትና ደብዳቤ ማጣራት፣ የዓመት ፈቃድ፣ የጡረታ መዋጮ፣ ዲሲፕሊን፣ የሥራ አፈጻጸም ምዘና፣ ቅሬታ መስማት፣ «ከቅርብ ኃላፊ የሚሰጡ ሌሎች ተግባራት»። ይህን ሁሉ ስለሚገዛው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን አንድ ቃል የለም። የእኔ አቋም ይኸውላችሁ፦ ዲግሪው ከመስፈርትነት ይውጣና በምትኩ አመልካቹ አዋጁን በጽሑፍ ይፈተን። ተከራከሩኝ።

ቀጣሪው ከሜክሲኮ፦
ይህ ለመናገር ይቀላል። ለአንድ ክፍት ቦታ የሚመጣው ማመልከቻ ጠረጴዛ ይሞላል። ዲግሪ የምጠይቀው የተማረ ሁሉ ያውቃል ብዬ ሳይሆን ክምሩን ለመቀነስ ነው። ሕግ ሲያስፈልገኝ ጠበቃ አለኝ።

ጠበቃዋ፦
ወንድሜ፣ እኔ ጋ የሚመጡት ደብዳቤው ወጥቶ፣ ሠራተኛው ከሶ፣ መጥሪያ ከደረሳችሁ በኋላ ነው። አንድ ዓይነት ጉዳይ ደጋግሞ ይገጥመኛል። ሠራተኛው ያረፍዳል። አዋጁ በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያረፈደን፣ ለዚህም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የተሰጠውን፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ፣ ማለትም ቀድሞ ቀን ሳይሰጡ፣ ማሰናበት ይፈቅዳል። ማኅደሩን ስከፍት የማርፈጃው ሰዓት በደቂቃ ተመዝግቦ አገኛለሁ፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ግን የለም። «በቃል ነግረነዋል» ይሉኛል። ወይም ደብዳቤው ኖሮ ጥፋቱ ከታወቀ 30 የሥራ ቀናት ያልፋሉ፤ ያን ጊዜ የማሰናበት መብቱ በይርጋ ቀርቷል። እነዚህን ሁለት ነገሮች የሚያውቅ የሰው ሀብት ሠራተኛ ቢኖራችሁ ኖሮ እኔን ባልፈለጋችሁኝ ነበር። (እንጀራዬን በገዛ እጄ እየቆረስሁ መሆኑ ይታወቅልኝ።)

የሰው ሀብት ሠራተኛው ከካዛንቺስ፦
የምትሉትን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ በሥራ ላይ ቆይቻለሁና። ሆኖም ዲግሪው ይውጣ በሚለው አልስማማም። ጥያቄ አቅራቢው ያላዩት ነገር አለ፦ ዲግሪው የሚያግደው ሌላውን ሳይሆን የድርጅቱን ባለቤት የእህት ልጅ ነው። መስፈርቱ በወረቀት ካልሰፈረ ያ ልጅ ሰኞ ጠዋት ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ፈተና ይሰጥ ትላላችሁ፤ ጥያቄውን የሚያወጣው ማን ነው? የሚያርመውስ? አጎቱ ነዋ!

ደግሞ ችግሩ ሁልጊዜ አለማወቅ አይደለም። ቀድሞ በሠራሁበት ድርጅት 30 ቀኑ እንዳለፈ ለሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ አሳውቄ ነበር። «አንተ ደብዳቤውን ጻፍ፤ ሕጉን ለእኔ ተወው» አለኝ። ጻፍሁ። ቅሬታ የምሰማው እኔ፣ የስንብት ደብዳቤ የምጽፈው እኔ። ሠራተኛው እኔን አምኖ ምን ሊነግረኝ ነው?

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦
ስለ ጡረታም ተናገሩ እንጂ። ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ። አዲስ ሠራተኛ ሲገባ የሰው ሀብት ክፍሉ በወሩ ካላሳወቀኝ መዋጮው ይዘላል፤ ኋላ የሚታረመው በእኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ለዚህ ዲግሪም ፈተናም አያስፈልግም፤ ወረቀቱን በጊዜው ማስተላለፍ ይበቃል።

ጥያቄ አቅራቢው ከአራት ኪሎ፦
የካዛንቺሱ ወንድሜ የእህት ልጁን ነገር እውነት ብለዋል። ግን የእህት ልጅም ዛሬ ዲግሪ አያጣም፤ ስለዚህ አጥሩ ፈርሷል። ፈተናውን ደግሞ ከድርጅቱ ውጭ ያለ ባለሙያ ያውጣው። ምን ዓይነት ጥያቄ እንደምል ላሳያችሁ፦ አንድ ሠራተኛ ልክ 5 ዓመት አገልግሏል። የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዙ 300 ብር ነው። በሠራተኛ ቅነሳ ተሰናበተ። የስንብት ክፍያው ስንት ነው?

ቀጣሪው ከሜክሲኮ፦
ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ 9,000 ብር። ለቀሪዎቹ 4 ዓመታት የዚያ አንድ ሦስተኛ በየዓመቱ፣ 12,000 ብር። ጠቅላላ 21,000 ብር። ያለ ዲግሪ ሠራሁት።

ጠበቃዋ፦
በቅነሳ ሲሆን የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል። 18,000 ብር ጎድሎብዎታል፤ ትክክለኛው 39,000 ብር ነው። ከስንብቱ በፊት የሚሰጠው የሁለት ወር የማስጠንቀቂያ ጊዜ ደግሞ ከዚህ ውጭ ነው።

የሰው ሀብት ሠራተኛው ከካዛንቺስ፦
እንግዲህ ቀጣሪያችን በእውነት ይመልሱልኝ። ሁለት አመልካቾች ቢቀርቡልዎ፣ አንዱ 21,000 ሌላው 39,000 ብሎ ቢጽፍ፣ የትኛውን ይቀጥራሉ?

ቀጣሪው ከሜክሲኮ፦
ጥያቄው ተንኮል አለበት።

ጠበቃዋ፦
ተንኮሉን በብር ላስላልዎት። ሥራው ከተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል ያለበትን ካልከፈሉ፣ ጉዳዩን የሚያየው አካል ለዘገየበት እስከ 3 ወር ደመወዝ ሊወስንብዎ ይችላል። በዚህ ሠራተኛ ስሌት እስከ 27,000 ብር ነው። ያስቀሩት 18,000 ብርም አይቀርልዎትም።

ቀጣሪው ከሜክሲኮ፦
39,000 ያለውን እቀጥራለሁ። ዲግሪ ግን ይኑረው።